ኮምፕረሰርና ማንኪያ

«ፊትሽን ዘወር አርጊ አላልኩሽም!»

አባቷ ይህችን ነገር በቀን ስንቴ እንደሚላት ራሂማ ቆጥራ አታውቅም፤ ልቁጠር ብትል ሌላ ሥራ አትሠራም ነበር። ሐሰን ጎሚስታ በዚህ ዓለም ላይ የሚፈራው ነገር ቢኖር እየተነፋ ባለ ጎማ ላይ የተደፋ ፊት ነው። ከአዲስ ቅዳም ከሰል ጭኖ የመጣ መኪናም ይሁን የሰፈር ባጃጅ፣ ጎማው ሲነፋ አጎንብሶ የሚያፈጥ ሰው ካየ ጩኸቱ ከኮምፕረሰሩ ይብሳል።

ራሂማ ፊቷን ዘወር አደረገች። ዛሬ በጩኸቱ አልተከፋችም። እስከ ዛሬ እንዲህ ሲጮህባት ቱቦው በእሱ እጅ ነበር፤ አሁን ግን በእሷ እጅ ነው።

«ቢስሚላህ» አለችና የቱቦውን አፍ ከብስክሌቱ ጎማ ቫልቭ ጋር ገጥማ መያዣውን ጨመቀችው።

ፍስስስስ... ነፋሱ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል ወጣ። ጎማው ከቸርኬው ጋር እንደተኳረፈ ሁሉ ራቅ ብሎ እንደተጨማደደ ቀረ።

«ሞቷል!» አለ ይኸነው ባጃጁን ተደግፎ። ይኸነው ሰው ከማመላለስ ይልቅ የሰው ሥራ ቆሞ በማየት የሚታወቅ ወጣት ሹፌር ነው። «ቀብሩ መቼ ነው?»

ከበው የቆሙት ልጆች ሳቁ። ከሁሉም በላይ የተሰማው ግን ከመንገዱ ማዶ የመጣው ሳቅ ነበር። እዚያ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ ጋሽ ደርበው የሚጠግኗቸውን ብስክሌቶች ግንዱ ላይ አስደግፈው ተቀምጠዋል። እንጅባራ ውስጥ የእሳቸው እጅ ያልነካው ብስክሌት የለም፤ ይህንንም ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም ይናገራሉ።

«ነግሬሽ ነበር!» አሉ ከተቀመጡበት። «ያለ ካላማዳሪ የሚቆም የብስክሌት ጎማ እንጅባራ ውስጥ ታይቶም አያውቅ! እንደ ሰው የውስጥ ጎማ አስገቢበትና ገላግይን!»

«ቱብለስ ነው እኮ ጋሼ! ያለ ካላማዳሪ እንዲሄድ ነው የተሠራው!»

«ይሂዳ! ማን ያዘው?»

ልጆቹ እንደገና ሳቁ። ፍቅርአዲስ ብቻ አልሳቀችም። ጎማው የወለቀበትን ብስክሌት ታቅፋ የራሂማን ፊት ታያለች። ፍቅርአዲስና ራሂማ ዘጠነኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት፤ ራሂማ ሒሳብ ታስኮርጃታለች ተብሎ ይታማሉ፣ ሐሜቱም ውሸት አይደለም። ዛሬ ግን ነገሩ ከሒሳብ ፈተና ይከብዳል። ነገ ጠዋት ከእንጅባራ ዳንግላ ድረስ የትምህርት ቤቶች የብስክሌት ውድድር አለ። ቀድመው የገቡ ልጆች ለዞኑ የታዳጊዎች ፕሮጀክት ይመረጣሉ። ፍቅርአዲስ ይህን ቀን ስትጠብቅ ክረምት አልፎ በጋ መጥቷል።

የፍቅርአዲስ አባት በጥር ወር የፈረስ በዓል ላይ ከፊት ከሚጋልቡት አንዱ ናቸው። ልጃቸው ብስክሌት ልትወዳደር መሆኑን ሲሰሙ መጀመሪያ «ገብስ የማይበላ ፈረስ ምኑን ፈረስ ሆነ!» ብለው ነበር። አሁን ግን ነገ ፈረሳቸውን ሸልመው መንገድ ዳር ሊቆሙላት ቃል ገብተዋል። ፍቅርአዲስ ይህንን እንዴት ትቻለው? ከደስታዋ ፍርሃቷ በልጦ ሌሊቱን ስትገላበጥ ነው ያደረችው።

ብስክሌቱ የትምህርት ቤቱ ነው። ከባሕር ዳር ሰዎች በእርዳታ የሰጡት፣ ያገለገለ ግን አሪፍ ብስክሌት። ዛሬ ጠዋት በመጨረሻው ልምምድ ላይ የኋላ ጎማውን እሾህ ወጋው። በውስጡ ቀዳዳ እንዲደፍን የሚጨመረው ነጭ ፈሳሽ ደርቆ እንደ ቆዳ ተለጥፏል። ፍቅርአዲስ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ብስክሌቱን እየገፋች ስትመጣ፣ ራሂማ አንዴ አየችውና ሳቀች።

«ለዚህ ነው የምታለቅሽው? የሚኒባስ ጎማ ቱብለስ አይደለም እንዴ? በምን ይለያል? በማነሱ ብቻ! ወላሂ ዛሬውኑ ድንጋይ አደርግልሻለሁ።»

ራሂማ እንዲህ ናት። ከጎማ ጋር ነው ያደገችው። ጎማ ሲመታ በድምፁ ብቻ ነፋሱ መጉደሉን ታውቃለች። ሰው የማይችለውን ሥራ ያመጣላት ቀን ደስ ይላታል። አባቷም ይህን ያውቃል። እሱ የከሰል መኪናውን ጎማ በመዶሻ እየደበደበ ሳለ ቀና ብሎ «ይሄን አንስተሽ ያቆምሽው እንደሆነ፣ ከነገ ጀምሮ የባጃጅና የብስክሌት ጎማ ያንቺ ነው። ቱቦውም ያንቺ ነው» አላት። ሐሰን ጎሚስታ ሲቀልድ ተሰምቶ አይታወቅም። ራሂማም ይህችን ቃል ከልጅነቷ ጀምሮ ነው የጠበቀቻት።

ጎማውን ያወለቀችው ከምሳ በኋላ ነው። ያኔ ጋሽ ደርበው ነገሩን በዓይናቸው ለማየት መንገዱን ተሻግረው መጥተው ነበር። ራሂማ የመኪና ጎማ ማውለቂያውን ብረት ስታነሳ አዩና ጮኹ።

«ተይ! የብስክሌት ጎማ በብረት አይወልቅም። እንቺ!» ከደረት ኪሳቸው አንድ ማንኪያ አወጡ። እጀታው ከማገልገል ብዛት አልቆና ለስልሶ እንደ ብር ያበራል።

ራሂማ ማንኪያውን አየችው። ከዚያ ከበው የቆሙትን ልጆች አየች።

«ኧረ ጋሼ፣ ምሳ እኮ በልተናል!»

ሳቁ እስከ መናኸሪያው ተሰማ። ጋሽ ደርበው ማንኪያቸውን ኪሳቸው መልሰው፣ በአዊኛ የሆነ ነገር እያጉረመረሙ ወደ ባሕር ዛፋቸው ሄዱ። እሳቸው ሲናደዱ የሚናደዱት በአዊኛ ነው። ራሂማ ያሉትን ሰምታለች፤ ገበያ ውስጥ ያደገች ልጅ አዊኛ አይጠፋትም። ያልገባት መስላ ግን ሥራዋን ቀጠለች።

ብረቱ ሥራውን ቶሎ ሠራ። አንድ ጊዜ ብቻ አንሸራትቷት «ጥርቅ» የሚል ድምፅ ሰማች። አየት አደረገች፤ ምንም የለም፣ አለች ለራሷ። ጎማውን አውልቃ፣ እሾሁን ነቅላ፣ ከውስጥ በኩል አፅድታና ማስቲሽ ቀብታ ቀዳዳውን ለጠፈችው። እስከዚህ ድረስ ሁሉ ነገር እንደ ጨዋታ ነበር።

አሁን ግን ይኸው፣ ጎማው አልነሳም ብሏል።

«እስቲ ልቀቂ፣ እኔ ልይልሽ» አለ አባቷ ወደ እሷ እየመጣ።

«ቆይ አባዬ! አንዴ!»

ሐሰን ቆመ። ራሂማ ጎማውን አገላብጣ አየችው። ነገሩ ግልጽ ነው፤ የጎማው ከንፈር ቸርኬው ላይ ካልተጣበቀ ነፋስ አይይዝም፣ ነፋስ ካልያዘ ደግሞ አይጣበቅም። የሚቀድመው የቱ ነው? ነፋሱ ነው። ግን ነፋሱ ሾልኮ ከሚወጣው በላይ ባንዴ መግባት አለበት። በዚህች ቀጭን ቫልቭ ውስጥ ደግሞ የቫልቩ መርፌ ተቀምጦ መንገድ ዘግቷል። የጋሽ ደርበው የእግር ፖምፓ እንኳን ይህን ጎማ፣ የልጅ ፊኛም አይነፋም። ኮምፕረሰሩ ግን አቅም አለው፤ የጎደለው መንገድ ነው።

«መርፌውን አወጣዋለሁ» አለች ጮክ ብላ፣ ለማንም ሳይሆን።

አባቷ ቅንድቡን ከፍ አደረገ፤ አልከለከላትም ግን።

የቫልቩን መርፌ በፒንሳ ፈትታ ኪሷ ከተተችው። የተበጠበጠ ሳሙና በብሩሽ አንስታ የጎማውን ከንፈር በሁለቱም ጎን ዙሪያውን ቀባችው። ከዚያ ጎማውን ከመሬት አንስታ ሰንሰለት የሚሰቀልበት መንጠቆ ላይ ሰቀለችው፤ መሬት ላይ ሲሆን ክብደቱ በአንድ በኩል እየተጫነው ከንፈሩ ይከፈታል። «አባዬ፣ ታንኩ ይሙላ» አለች። ኮምፕረሰሩ ደገደገደገ እያለ ሠርቶ ሲሞላ ራሱ ዝም አለ። ሰዉም አብሮት ዝም አለ።

«ዘወር በሉ!» አለች ራሂማ። አሁን የመጮህ ተራው የእሷ ነው። «ይኸነው፣ አንተንም ነው! ፊትህን!»

ቱቦውን በባዶው የቫልቭ ቀዳዳ ላይ አጥብቃ ይዛ ፊቷን አዞረችና ጨመቀች።

ጧ!

ልጆቹ ተበተኑ። ይኸነው ባጃጁ ውስጥ ዘሎ ገባ።

ጧ!

ሁለቱም ከንፈሮች ቸርኬው ላይ ገጠሙ። ጎማው መንጠቆው ላይ ክብ ሆኖ፣ ጢም ብሎ ተነፍቶ ተወዛወዘ። ራሂማ ቀዳዳውን በአውራ ጣቷ ደፍና፣ መርፌውን ከኪሷ አውጥታ በፍጥነት መለሰችው። ከዚያ እንደገና ነፋች፣ በቀስታ፣ መለኪያውን እያየች።

«ጨምሪበት!» አለ ይኸነው ከባጃጁ አንገቱን አውጥቶ። «ድንጋይ ይሁን እንጂ!»

«የከሰል መኪና ነው እንዴ? ልኩ ጎማው ላይ ተጽፏል፤ አንብብ!»

«ትሰማላችሁ! በጽሑፍ ነው የምትነፋው!» አለ ይኸነው፤ አሁን ግን በሳቁ ውስጥ አድናቆት ነበር። ልጆቹ አጨበጨቡ። ከማዶ ጋሽ ደርበው ከመቀመጫቸው ተነስተው፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ይመለከታሉ። ፍቅርአዲስ ብስክሌቱን ለአንድ ልጅ አስይዛ ሮጣ መጣችና የራሂማ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«ጀግና ነሽ! ወይኔ ራሂ፣ አባቴ እኮ ነገ ይመጣል! ፈረሱን ሸልሞ ይመጣል!»

«ፋራ፣ እንዳታለቅሺ ደግሞ» አለች ራሂማ። ደስታዋ ልክ አልነበረውም።

ሐሰን ቱቦውን ተቀበላት። ሁልጊዜ የሚሰቅለው ልጆች እንዳይደርሱበት ብሎ ከፍ አድርጎ በመታው ምስማር ላይ ነው። ዛሬ ወደዚያ አልዘረጋም። ከዝቅተኛው ምስማር ላይ ያረጀ ኮቱን አንስቶ ቱቦውን እዚያ ሰቀለው፤ ልክ በራሂማ ትከሻ ቁመት። ኮቱን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ወደ መኪናው ጎማ ተመለሰ።

ራሂማ የተሰቀለውን ቱቦ ደጋግማ አየችው። ከዚያ ሥራዋን ልትጨርስ ሳሙናውን አነሳች። ቱብለስ ጎማ ተነፍቶ ሳሙና ሳይቀባ ከዚህ ቤት አይወጣም፤ ነፋስ የሚያመልጥበት ቦታ ካለ ሳሙናው አረፋ ያወጣል። ይህን ደንብ ያወጣው አባቷ ነው፤ እሷም አንድ ቀን ዘልላው አታውቅም። ጎማውን እያሽከረከረች ቀባች። የለጠፈችው ቀዳዳ ደህና ነው። ቫልቩም ደህና ነው። ከንፈሩ ዙሪያውን ደህና...

ቆመች።

ከቸርኬው ጠርዝ ላይ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል አረፋ ብቅ አለች። ቀስ ብላ አደገች። ከጎኗ ሌላ ተጨመረች።

ራሂማ ጨርቅ አንስታ ጠረገቻት። ለምን እንደጠረገች ራሷም አላወቀችም። የጠረገችው ሳይደርቅ አረፋዋ ተመልሳ መጣች። ጎንበስ ብላ አየች። የጎማው ከንፈር ላይ፣ ከቸርኬው በላይ ትንሽ ብቅ ያለች፣ ንጹሕና ቀጭን ስንጥቅ አለች። እሾህ እንዲህ አይቆርጥም። ብረቱ ያንሸራተታት ልክ እዚህ ላይ ነበር። «ጥርቅ» ያለው ይኼ ነው።

ቀና ብላ ሰዉን አየች። ማንም አላየም። አባቷ መኪናው ሥር ነው። ፍቅርአዲስ ለልጆቹ ዳንግላ ስትገባ እንዴት እጇን ከመሪው ላይ እንደምታነሳ እያሳየች ትስቃለች።

ሐሳቡ ሳይጠራ መጣ። አረፋዋ ትንሽ ናት። እስከ ነገ ጠዋት የሚጎድለው ጥቂት ነው፤ ጠዋት ማልዳ መጥታ ብትሞላው ማንም አያውቅም። ምናልባት ዳንግላ ድረስ ይደርሳል። ሰዉ ያጨበጨበው አጨብጭቧል፣ ቱቦው የተሰቀለበት ተሰቅሏል። ጋሽ ደርበውም አይተዋል። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ ዝም ለማለት ደግሞ ምንም ጉልበት አይጠይቅም።

ግን ከአዲስ ቅዳም ወዲህ ያለው ቁልቁለት ፊቷ ድቅን አለ። መንገዱ ይጠመዘዛል፣ ከፊት የከሰል መኪና ይመጣል። ፍቅርአዲስ ቁልቁለት ላይ ፍሬን አትይዝም፤ ፍሬን የሚይዝ ፋራ ነው የምትል ልጅ ናት። ነፋሱ የጎደለ ጎማ በዚያ ፍጥነት ሲዞር ከንፈሩ ከቸርኬው ይላቀቃል። ያኔ ጧ የሚለው ሌላ ዓይነት ነው።

ጎማውን ከመንጠቆው አወረደችው። የቫልቩን ጫፍ በጥፍሯ ተጫነችው።

ፍስስስስስ...

ሁሉም ዞረ። ይኸነው አፉን ከፈተ። ፍቅርአዲስ እጇን አየር ላይ እንደሰቀለች ቀረች።

«ምን እያረግሽ ነው? ራሂ! አብደሻል?»

«ከንፈሩ ተቆርጧል» አለች ራሂማ። ቦታውን በጣቷ አሳየቻቸው። «ተቆርጧል። የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ቅድም ስፈታው፣ በብረቱ።»

«የትምህርት ቤቱን ጎማ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ነገ በምኔ ልሄድ ነው?» የፍቅርአዲስ ፊት ተቀያየረ። «አባቴን ምን ልበለው?»

«በዚሁ ትሄጃለሽ። ነፋሱ እንዳያመልጥ ካላማዳሪ ይገባበታል። የውስጥ ጎማ ካለው ስንጥቁ ችግር የለውም፣ ጎማው ራሱ ጠንካራ ነው።»

«ይከብዳል እኮ!»

«ትንሽ ይከብዳል» አለች ራሂማ፣ ዓይኗን ሳትሰብር። «ቁልቁለቱ ላይ ግን አይከዳሽም። ያለዚያ አልሰጥሽም ፍቅር። ብትጣይኝም አልሰጥሽም።»

ሐሰን ከመኪናው ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። ጎማውን ከእጇ ተቀብሎ ስንጥቁን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ብረት አየ።

«በዚህ ነው ያወለቅሽው?»

«በዚህ ነው።»

«በሌላ ነገር አውልቂው ያለሽ ሰው አልነበረም?»

ራሂማ መልስ ከመስጠቷ በፊት ከበው የቆሙት ልጆች ሁሉ ወደ ማዶ አዩ። እሷም አየች። ጋሽ ደርበው ተመልሰው ተቀምጠው፣ አንድ ፔዳል እያሽከረከሩ ምንም ያልሰሙ መስለዋል። እሳቸው ያልሰሙ ሲመስሉ ሁሉን መስማታቸው ነው።

«ነበር» አለች።

አባቷ ጎማውን መለሰላት። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

ራሂማ ወደ ግድግዳው ሄደች። ቱቦውን ከዝቅተኛው ምስማር ላይ አነሳችው። በጣቶቿ ጫፍ ቆማ፣ ተንጠራርታ፣ በሁለተኛው ሙከራ ላይኛው ምስማር ላይ ሰቀለችው። አባቷ እያየ አልከለከላትም፣ አልረዳትምም። ከዚያ ጎማውን በትከሻዋ አንግታ መንገዱን ተሻገረች። ፍቅርአዲስም ብስክሌቱን ካስያዘችው ልጅ ተቀብላ ተከተለቻት።

«ምሳ ሰዓት ደረሰ እንዴ?» አለ ይኸነው ከኋላቸው። ማንም አልሳቀለትም።

ጋሽ ደርበው ፔዳሉን ማሽከርከር አላቆሙም። ቀና ሳይሉ በአዊኛ «ምን ፈለግሽ?» አሉ።

ራሂማ ዛሬ ያልገባት አልመሰለችም።

«ካላማዳሪ እፈልጋለሁ ጋሽ ደርበው። ለዚህ ጎማ የሚሆን፣ ነገ ዳንግላ የሚደርስ።» ጎማውን ወደ እሳቸው ዘርግታ ጨመረች። «እርስዎ ያለ ካላማዳሪ አይነሳም ብለው ነበር፤ ተነስቷል፣ አይተዋል። በብረት አይወልቅም ያሉት ግን ልክ ነበር።»

ጋሽ ደርበው ፔዳሉን ለቀቁት። ፔዳሉም በራሱ ትንሽ ዞሮ ቆመ። ጎማውን ተቀብለው ስንጥቁን አዩ፣ ከንፈራቸውን መጠጡ፣ ከዚያ ራሂማን አዩ። በመጨረሻ ከደረት ኪሳቸው ማንኪያቸውን አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ጠረጉት። ወደ እሷ ግን አልዘረጉትም።

«ምሳ በልተናል ብለሽ አልነበር?»

ከመንገዱ ወዲያ ኮምፕረሰሩ ታንኩን ሊሞላ ደገደገደገ ማለት ጀመረ። ራሂማ ዞራ አላየችም። ከባሕር ዛፉ ሥር ያለውን ድንጋይ ስባ ተቀመጠችና፣ ጎማውን በጉልበቶቿ መሐል አጥብቃ ያዘችው።

«አልበላሁም ጋሼ» አለችና እጇን ዘረጋች።